ከሁለት ጫፍ የሚገለጥ ወረቀት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ አንድ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ሲያይ ትዝ ይለኛልና። ስንዴ የሚገባበት ወቅት ነበር። ከዚያ ያለፈ ብትጠይቁኝ መዋሸት ይሆንብኛል።

ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነበር። አሰላ ከአንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ ተቀምጬ የሞላውን ጆንያ አፉን በወስፌና በሲባጎ እሰፋለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ሚኒባስ ይዤ ሳጉሬ እሄዳለሁ። ጆንያ ሁሉ አንድ ስለሚመስል፣ ለባለቤቱ በማርከር ምልክት እስልለት ነበር። ለአንዱ ቀንዱ የተሰበረ በሬ፣ ለሌላው ባርኔጣ፣ ለአንዷ ዶሮ። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም ጆንያውን ከሩቅ ይለየዋል። እኔም ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስም ከመጻፍ በሬ መሳል ይቀለኛል።

አንድ ቀን በሬውን ስዬ ስጨርስ፣ «አሁን ይሄ በሬ ወዴት ሊሄድ ነው?» አልኩ ለራሴ። ቤቴ ገብቼ ሲሄድ ሳልኩት። ቀጥሎ የጎረቤት ገብስ ሲበላ፣ ቀጥሎ በዱላ ሲባረር። እንዲህ እያልኩ ለመድኩት። የደብተር ወረቀት በቁመቱ እቆርጥና ጫፍ ለጫፍ አጣብቄ አጣጥፈዋለሁ፤ ሲዘረጋ አንድ ክንድ ይሆናል። ሽፋን የለው፣ ቃል የለው፣ የሠሪው ስም የለው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ሲሠራ አላየሁም፤ ስለዚህ ደንቡን የሚነግረኝም አልነበረም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ታባዛልኛለች።

«አባባ፣ ይሄን የሚስለው ማነው?»

«አንድ የማውቀው ሰው ነው።»

«ሰውየው ጤነኛ ነው?»

«እንጃ፣ እኔም እጠራጠረዋለሁ» አልኳት።

ሽበቴን ይዤ «ሥዕል ይስላል» መባሉን ፈርቼ ነው የደበቅኩት። ደግሞም በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሰፈሩ ያውቃቸዋል። አንዱን ሚኒባስ ወንበር ላይ፣ አንዱን ፀጉር ቤት፣ አንዱን ሻይ ቤት ጥዬ እወጣና፣ ሰው ሲስቅ በጎን እሰማለሁ። ከዚያ የሚጥም ነገር አልነበረኝም።

ሳጉሬ ገበያ አንድ ባለሚዛን ነበር፣ የእኔ እኩያ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጆንያውን ረስቶ ሄደ። ባለሚዛኑ እኔ የሳልኩትን ምልክት አይቶ የማን እንደሆነ አወቀና፣ በራሱ አህያ ጭኖ ዳገቱን ወጥቶ አደረሰለት። ሽማግሌው እርጎ አጠጥቶ ሸኘው። ይሄን ስሰማ ደስ አለኝና፣ ላመስግነው ብዬ ሳልኩት። ስድስት ሥዕል ነው። ጆንያው ሚዛኑ ሥር ተረስቶ፤ ባለሚዛኑ ምልክቱን ሲያይ፤ ሲጭን፤ አህያዋ መንገድ ላይ፤ ጆንያው ሽማግሌው በር ላይ፤ በመጨረሻ እርጎ ሲጠጣ። አህያዋን ፊት ለፊት ነው የሳልኳት፤ እግር በጎን መሳል አይሆንልኝም።

አሰላ ላይ የፀጉር ቤቱ ሰውዬ አይቶ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም አለ?» ሲል ሰማሁ። ደረቴ ተነፋ። ሳጉሬም በተንኩት።

በሚቀጥለው ገበያ ስሄድ ሚዛኑ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ገበሬው በፊቱ እያለፈ ወደ ሌላው ሚዛን ይሄዳል። አጠገቤ ያለችውን ሽንኩርት ሻጭ ምን ሆኖ ነው አልኳት።

«አልሰሙም እንዴ አባባ? የበላበትን ቤት ዘርፎ! እርጎ ካጠጣው ሰው ቤት ጆንያ ጭኖ ወጣ። በሥዕል ወጥቶበታል እኮ!»

ባለጆንያው ሽማግሌ ልጁን ሊጠይቅ ዴራ ወርዶ ነበርና የሚመሰክር የለም። ባለሚዛን ደግሞ ያለ ስሙ ምን አለው? ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የሳለውን ሰው ባገኘው፣ ምን በድዬህ ነው ብዬ እጠይቀው ነበር» አለኝ።

ዝም አልኩ። አዎ፣ ዝም አልኩ። ተናግሬ «ስም አጥፊ» ከምባል፣ ማንም አያውቀኝም ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሥዕሉን እያገላበጥኩ አየዋለሁ፤ ሌብነቱ የት ጋ እንዳለ አይታየኝም።

በሳምንቱ ተመልሼ መስጊዱ አጠገብ ሻይ ቤት ስገባ፣ በሰፈሩ ልጆችን በእንጨት ሰሌዳ ቁርዓን እያስቀሩ የሚያስተምሩት ሼኪ ያንኑ ወረቀት ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ኮቱ፣ ታኢ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ና፣ ተቀመጥ ማለታቸው ነው።

«ሼኪ፣ እስቲ ምን እንደሚል ይንገሩኝ።»

ጣታቸውን በቀኝ ጫፍ አሳረፉ። «ይኸው እርጎ ይጠጣል። ይኸው ጆንያው በር ላይ። ይኸው በአህያ ይዞት ሲሄድ። ይኸው ሲያራግፍ። ይኸው የማን እንደሆነ አገላብጦ ሲያይ። ይኸው ሚዛኑ ሥር አስቀመጠው። ሱብሃን አላህ!»

«ለምን ከዚያ ጀመሩ?»

«ከየት ልጀምር? ንባብ ከቀኝ አይደለም?»

እኔ የሳልኩት ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ የገበያው ግማሽ ግን ከእሳቸው ሰሌዳ ላይ ነው ከቀኝ የሚጀምረውን የዓረብኛ ንባብ የተማረው። አህያዬም ፊት ለፊት ቆማ ወዴት እንደምትሄድ አትናገርም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስኩ፤ ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም።

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አልኳቸው።

«አንተ? ጆንያ ሰፊው?» ብለው ሻያቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቁን ትተው ከዘራቸውን አነሱ። «ተነሳ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሰውየው ቤት ነዋ። ለእኔ መንገርህ ለእሱ ምን ይረባዋል?»

እኔ ወደኋላ ስል እሳቸው ከፊት ከፊት ሄዱልኝ። ባለሚዛኑ ቤት ገብተን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጉና ጣቱን ይዘው ከግራ ጀምረው አንድ በአንድ አስኬዱት። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«የሽማግሌውን ጆንያ የመለስኩበት ቀን ነው?»

«ነው። እኔ ነኝ የሳልኩት፤ ላመሰግንህ ነበር» አልኩት። «ያን ቀን አጠገብህ ተቀምጬ ዝም ማለቴን ግን ይቅር በለኝ።»

ወረቀቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«ይሁን። አፍንጫዬ ግን ከቀኝም ብትጀምር ከግራም ብትጀምር ይሄን አያክልም!»

ሼኪ በሳቅ ወደቁ። እኔ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሼኪ መስጊዱ በር ላይ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ «ገልብጬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጣቴን ተከትላችሁ በሐሜት የሰውየውን ሥጋ የበላችሁ ሁሉ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁት» አሉ። እኔም ጎናቸው ቆሜ የሳልኩት እኔ ነኝ ብዬ በአፌ ተናገርኩ። የፈራሁት ሳቅ መጣ፤ አልገደለኝም። በሚቀጥለው ገበያ ባለሚዛኑ ጋ ከተሰለፉት ጆንያዎች ብዛት የተነሳ ሲባጎ አለቀብኝ።

አሁን በግልጽ እስላለሁ። መጀመሪያው ሥዕል ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ መጨረሻው ላይ ስትጠልቅ አደርጋለሁ፤ አህያም በጎን መሳል ተምሬያለሁ። እኔ ግን ያን ጊዜ ብቻዬን ብሆን ኖሮ፣ እውነቱን ባውቅም ቤቴ ይዤው እቀመጥ ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። በከዘራቸው ከፊት እየመሩ ያንን በር ያስገቡኝ የሳጉሬው የቁርዓን አስተማሪ፣ ሼኪ ናቸው።