በቅቤ ሊታሽ የነበረው እግር

ቅዳሜ ጠዋት በኮንትራት ታክሲ ከቦሌ አራብሳ የተነሳነው የአባባን ግራ እግር ለሐኪም ለማሳየት ነው። ባለፈው ወር ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦ፣ ሆዳቸው ሳይከፈት በብሽሽታቸው በኩል ደጋፊ ቱቦ ገብቶላቸው ነበር። ደህና ሰንብተው ሳሉ ትናንት ግራ እግራቸው እስከ ጭናቸው አበጠ። ጫማ እምቢ ስላላቸው በነጠላ ጫማ ወጡ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ወለምታ ነው» ብለው ፈርደው፣ መታሻ የሚሆን ለጋ ቅቤ በፌስታል ቋጥረው አስይዘዋቸዋል። አባባም ቅቤውን ኮታቸው ኪስ ከተው፣ ቦሌ ሚካኤል ያለችው ወጌሻ ካላየችኝ ብለው ድርቅ አሉ።

ጎሮን እስክናልፍ መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ሹፌሩ ደግሞ፣ አይ የኔ ዕድል፣ ወጌሻዋን ያውቃታል! የእናቱን ጉልበት እንዴት እንዳሸችላቸው እያወራ አባባን አደፋፈረብኝ።

ኢምፔሪያል

እዚህ መኪናው በሚኒባሶች መሀል ተቀረቀረ። ሹፌሩ ወደ ወጌሻዋ ወይስ ወደ ሆስፒታል ልንዳ ብሎ ዞር አለ።

«አንዴ ታሸኝና ከዚያ የፈለግሽበት ውሰጂኝ» አሉ አባባ።

«ቱቦውን ያስገባልዎት ሐኪም እግራቸው ካበጠ ማንም ሳይነካው አምጪያቸው ብሎኛል። ከፈለጉ ይቆጡኝ፤ የምንሄደው ሆስፒታል ነው።»

እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አኮረፉ። አንጀቴን በሉት፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ሆስፒታል

ሐኪሙ እግራቸውንም ሆዳቸውንም በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን አስመረመረ። ቱቦው ደህና ነው። ያበጠው ቧንቧ ግን ከጎኑ ያለውን ደም መላሽ ሥር ተጭኖታል፤ ደሙ ወደ ልብ መመለሻው ጠቦበት እግር ውስጥ ረግቷል።

«ታሽቶ ነበር?» አለ።

«አልታሸም» አልኩ።

«እሰይ። ቢታሽ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባቸው ሊገባ ይችል ነበር።»

አባባ ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። ቅቤው ቀልጦ ኮታቸውን አርሶታል።

ደም ማቅጠኛ ተጀመረላቸው፤ የተጨፈለቀውንም ሥር በትንሽ ቱቦ ከፈቱላቸው። ከቀናት በኋላ እብጠቱ ጎድሎ ወደ አራብሳ ተመለስን። ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ የሚወዱትን ሰው ማስኮረፍም አንዳንዴ ማስታመም መሆኑን ነው።

ቤት ስንገባ እትዬ አስካለ ቀድመውን ተቀምጠዋል። «እስቲ ልየው» ብለው እጃቸውን ሲሰዱ አባባ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ተይ አስካለ። ይሄን እግር ልጄ ሳትፈቅድ ማንም አይነካውም።»