ሮዝ የሆኑት

በምርምር ቤቱ «እትዬ ዛጎል» የሚሏት ሴት ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ ኖራለች። ሥራዋ ከዓለታማው የባሕር ዳርቻ በሚመጣ አሸዋ ውስጥ ሕያዉን ከሙት መለየት ነበር።

እዚያ ዳርቻ ትሎች አሸዋና የዛጎል ስባሪ በምራቃቸው እያጣበቁ ቤት ይሠራሉ፤ ቤቱ ሲደራረብ እስከ ወገብ የሚደርስ ግንብ ይወጣዋል። በስንጥቁ ደግሞ ከስኳር ቅንጣት የማይበልጡ ባለዛጎል ፍጥረታት ይጠለላሉ። ችኩል ትል አንዳንዴ አንዱን ከነነፍሱ ግድግዳው ላይ ይለስነዋል። «ግንበኛ ይሏችኋል ይሄ ነው፤ ጎረቤቱን ጡብ ያደረገ!» እያለች ባልደረቦቿን ታስቅ ነበር።

አሸዋው እንደመጣ ቀለም ውስጥ ሲነከር ሕያው ሮዝ ይሆናል፣ ሙት ነጭ ይቀራል፤ ቀለሙም ለዓመታት አይለቅም። በዚህ ተሳስታ አታውቅም።

ኋላ ግን ዓይኗ ፈዘዘ፤ ሮዙ ሁሉ ነጭ መሰላት። «ዓይኔ ደከመ ካልኩ ቤት ያስቀምጡኛል» ብላ ፈራችና ዋጥ አደረገችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተረቱን ለሰው እንጂ ለራሷ አልተረተችውም።

በዚያው ሰሞን ዳርቻው ላይ ወደብ ሊሠራ ታሰበ። የትሎቹ ግንብ ሕይወት ካለው ይተዋል፣ ከሞተ በድንጋይ ይደፈናል። ናሙናው እሷ ዘንድ መጣ። ብታይ ነጭ በነጭ ነው። «ሕያው ሦስት ብቻ» ብላ ፈረመች። ወጣቱ አለቃዋም «እትዬ ካሉ አለቀ» ብሎ ሳያጣራ አሳለፈው። በሳምንቱ የጭነት መኪኖች ድንጋያቸውን ገለበጡ።

ከአምስት ወር በኋላ ደረጃ ስታ ወደቀች፤ ሴት ልጇ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። የዓይኗ ሞራ ተገፈፈላት።

ሥራ በተመለሰችበት ቀን ያንን ናሙና ከመደርደሪያ አውርዳ አየችው። ሮዝ ነው። የናሙናውን ሳህን አዞረችው፤ እዚያም ሮዝ ነው። የትሎቹ ግድግዳ ስባሪ ላይ የተለሰኑት እንኳ ሮዝ ነበሩ።

አለቃዋን ጠራችው። «ልጄ፣ ሞተ ያልኩህ ሕያው ነበር። ዓይኔ ታሞ ነበር፤ ደበቅኩህ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «አሁንማ ምን እናደርጋለን እትዬ? ድንጋዩ አንዴ ተደፍቷል።»

እሷ ብሩሿን አርጥባ ከሳህኑ ጥግ ሮዞቹን አንድ በአንድ እየነካች መቁጠር ጀመረች።

«አሁን ቢቆጥሩት ለማን ይጠቅማል?» አላት።

«ለማንም። ስንት እንደቀበርኩ ልወቅ እንጂ።»

ሁለት መቶ ስትደርስ እንባዋ የማይክሮስኮፑን መስተዋት አደበዘዘባት። ጠርጋው እንደገና ከአንድ ጀመረች።