የጋሽ ቶላ ልጅ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸች። የኮንዶሚኒየሙ እድር ነው፤ ለቅሶ የሚነግረን በቴሌግራም ነው። ነፍስ ይማር ብዬ ልጽፍ ስል የጋሽ ቶላ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ለቅሶ ተነግሮ ይሳቃል? እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያኔ ላፍቶ ገና ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ባሌ እሁድም ሥራ ስለሚገባ የእድር ስብሰባ የምሄድለት እኔ ነኝ። ከእድርተኞቹ አንዱ ከእምድብር የመጡት የካቶሊክ ቄስ አባ ኢዮብ ነበሩ። ፍራሻቸውን ለአራስ ሰጥተው ሰሌን ላይ ይተኛሉ፤ ጋቢ ቢሰጧቸው ሳምንት ሳይሞላው የሌላ ሰው ትከሻ ላይ ታዩታላችሁ። ሰፈሩ መጀመሪያ በጎሪጥ ነበር የሚያያቸው። ካቶሊክ በጾም ወተት ይጠጣል እየተባለ ይታማል። እሳቸው ግን ኋላ ቤታቸው ያስጠጓቸው ጋሽ ቶላ ብቻቸውን ሽሮ እንዳይበሉ ብለው የኛን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር።

ጋሽ ቶላ የሰው ግቢ ሲጠብቁ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ እድር የለ። እግራቸው አብጦ ሲወድቁ አባ ኢዮብ ወደ ክፍላቸው ወሰዷቸው። እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አልቃሽ የሌለው ሬሳ ሆኜ ማዘጋጃ ቤት ይቀብረኛል የሚል።

አንድ እሁድ አባ ኢዮብ ስብሰባ ላይ ተነሱና አባቴን መዝግቡልኝ አሉ። የእድሩ ደንብ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ነው የሚለው። አባታቸው እምድብር ሲያርፉ ደግሞ ድንኳን ተክለን ያስተዛዘንናቸው እኛው ነን። የእድሩ ዳኛ አቶ መንገሻ በደንቡ ከመጡባቸው ወይ ፍንክች!

«አባ፣ እርስዎ ካቶሊክ፣ ጋሽ ቶላ የገብርኤል ሰው። በየት በኩል ነው የምትዛመዱት?»

«እሳቸው ልጅ የላቸውም፤ እኔ አባት የለኝም» አሉ አባ ኢዮብ። «ከዚህ ወዲያ ምን ዝምድና አለ?»

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የትናንት ሙሽራ ሆኜ፣ ይመዝገቡ አልኩ። ሴቶቹ ተከተሉኝ፤ አቶ መንገሻ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተሸነፉ።

ጋሽ ቶላ ዛሬ ነገ ይሞታሉ ስንል ጭራሽ ተነሱ። አባትነቱን የምር አደረጉት። ለቅሶ ቤት በዱላቸው እየተደገፉ ይመጣሉ፤ አባ ኢዮብ ጋቢያቸውን ሰጥተው በዝናብ ሲገቡ ደጅ ቆመው ይቆጣሉ። አባ ኢዮብ ጎንበስ ብለው ቁጣቸውን ይቀበላሉ። ደስ ሲል!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የሳንባ ምች አባ ኢዮብን ወሰዳቸው። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ለቅሶ የሚለፍፈው በሐዘንተኛው ስም ነው። ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ «የጋሽ ቶላ ልጅ አርፏል!» እያለ ሰፈሩን ዞረ። ባሌ ከእንቅልፉ እየተነሳ ጋሽ ቶላ ደግሞ መቼ ወለዱ አለና፣ ወዲያው ገብቶት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔ አለቀስኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ቶላ የአባት ቦታ ላይ ተቀመጡ። የካቶሊክ ቄሶች ሳይቀሩ እየጎነበሱ እግዜር ያጽናዎት አሏቸው። እኔ ስጠጋ እጄን ያዙኝ።

«ቀባሪ ስጠኝ ብዬ ስለምነው፣ ልጅ ነው የሰጠኝ» አሉኝ።

በደንቡ መሠረት የልጁ ቦታ ለአባቱ ተላለፈና ጋሽ ቶላ እድርተኛ ሆኑ። ጊዜያቸው ደርሶ ሲያርፉ ሬሳቸውን ከፊት የተሸከሙት አቶ መንገሻ ነበሩ፤ ከብስራተ ገብርኤል ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር።

ጻድቅ ሲባል ሰው ተአምር ይጠብቃል። እኔ ያየሁት ግን ማንም የማይፈልገውን ሽማግሌ አባቴ ያለ ሰው ነው። የዛሬውን ሟች አላውቃቸውም፤ ቤታቸውም ሦስት ሕንፃ አልፎ ነው። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።