የካምቢዮው ዘይት የተቀየረበት ቅዳሜ

ካሳው የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እግሩ አልቆምለት አለ። ግቢው ውስጥ ዳስ ይጣላል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሽንኩርት ይልጣል፤ ነገ ልጁ ወይንሸት ለዋጃ ሰው ልትዳር ነው። የሙሽራ አባት እንዲህ ባለ ቀን ወንበር ስቦ ተቀምጦ «ያንን ወዲህ፣ ይሄን ወዲያ» ማለት ነበረበት። እሱ ግን ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። በመጨረሻ ሚስቱ ጨሰች። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ወይ ከፊታችን ጥፋ!» አለችው። ጠፋላት። እግሩ ቀጥ አድርጎ ወደ መንሱር ቤት ወሰደው።

ለመንሱር የሚነግረው ነገር ነበር። ነገሩ ረጅም እንዳይመስላችሁ፤ «ጆሮህ ደክሟል፣ ነገ ልጄን ይዘህ አትነዳም» ማለት ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ሊናገር እየሄደ ስለ ማሽላና ስለ ዝናብ አውርቶ ተመልሷል። ዛሬም ካልተናገረ፣ ነገ ወይንሸት ቬሎዋን ለብሳ የመንሱር ሚኒባስ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልፈለገም።

እስቲ መንሱርን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጢም ሳያበቅል የጭነት መኪና እያጠበ አደገ፣ በሹፌር ጥፊ መንዳት ተማረ፣ መይሙናን አገባ፣ መይሙና ወርቋን አወጣችና ያችን ሚኒባስ ገዙ። ያኔም አሮጌ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከወልድያ አላማጣ ሲመላለስ ኖረ። ምጥ የያዛት፣ እባብ የነደፈው፣ ሬሳ ሊያነሳ የቸገረው፣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ መንሱር በር ነው። እስላም ክርስቲያን ብሎ አይለይ፣ ሌሊት ነው ብሎ አያጉረመርም። እሺ፣ ያጉረመርማል፤ ግን ይነሳል። በክፉው የጦርነት ጊዜ ከተማችን ቆቦ ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ፣ እሱ ሚኒባሷን ገጠር ወስዶ የማሽላ አገዳ ከምሮባት በእግሩ ተመለሰ። ያው ክምር መስላ ከርማ ተረፈች።

ትልቁ ኩራቱ ግን ጆሮው ነበር። የመኪናዋ ቆጣሪዎች ከሞቱ ቆይተዋል፤ መንሱር ማርሽ የሚቀይረው ሞተሩን አዳምጦ ነው። ካሳው ረዳቱ ሆኖ ዕድሜውን በዚያች በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያሳልፍ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ አልሰማም። ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ካምቢዮው ግርርር ይላል፣ ተሳፋሪው ይሸማቀቃል፣ መንሱር እቴ! ምንም እንዳልተፈጠረ ይነዳል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሮቢት አካባቢ አንድ ተሳቢ ከኋላቸው ክላክሱን እያንባረቀ መንገድ ሲለምን፣ መንሱር ፍንክች አላለም። ተሳቢው ሲያልፍ የጎን መስታወቱን ይዞት ሄደ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ መንሱር። አጠገቡ የነበረው ካሳው ሱሪው ሊረጥብ ምንም አልቀረው። ነገሩ ያን ቀን ገባው።

መነኻሪያው ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚነግረው ግን ጠፋ። መንሱርን «አትሰማም» ማለት ሼሁን «ቁርአን አታውቅም» እንደማለት ነዋ! እሱ ራሱ ጥፋተኛ አድርጎ የያዘው ዘይቱን ነው። «የማርሹ ዘንግ እጄን ይመታኛል፤ የካምቢዮው ዘይት አርጅቶ ነው» ብሎ ደመደመ። ለሰርጉ ደግሞ ጋራዥ አላምንም፣ በገዛ እጄ እቀይራለሁ አለ።

ካሳው ሲደርስ መይሙና በሩ ላይ ያዘችው።

«ነገርከው?» አለች እያንሾካሾከች።

«አሁን መምጣቴ እኮ ነው!»

«ወላሂ ዛሬ ካልነገርከው የመኪናውን ቁልፍ ጉድጓድ ነው የምጥለው።»

«ለምን አንቺ አትነግሪውም?»

«እኔማ ነገርኩት። ‹መይሙና፣ ድምፅሽ ሰለለ፣ ማር ብዪበት› አለኝ።»

ሁለቱም ለምን እንደሚንሾካሾኩ እንጃ። ቢጮሁስ ማን ሊሰማቸው!

መንሱር ጎማዎቹን በድንጋይ አግዶ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ማዳበሪያ አንጥፎ ሥሯ ገብቷል። ቀድሞ ትንሽ ነድቷት መጥቷል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ነው ጥርግ ብሎ የሚወርደው። የካሳውን ጫማ ሲያይ አንገቱን ብቅ አደረገ። ጢሙ ሁሉ በደስታ ይስቃል።

«መጣህ? ና፣ ና ተማር! ስታረጅ ይጠቅምሃል» አለ፤ የሚበልጠው በጥቂት ዓመት ነው። «መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው ቡሎን ነው፣ የመሙያው። ሞኝ የታችኛውን ፈትቶ ዘይቱን ያፈስና፣ የላይኛው አልፈታ ሲለው መኪናውን ታቅፎ ይቀራል።»

የላይኛው ቡሎን አልፈታ አለ። መንሱር መፍቻውን አስገብቶ ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ «ያ ረቢ!» ብሎ ቢንጠለጠልበት ንቅንቅ የለም። ካሳው ቁጢጥ ብሎ እያየ ሆዱ ውስጥ ጸሎት ጀመረ። በማርያም፣ አትፈታ! ቡሎኑ ካልተፈታ መኪናዋ ነገ አትወጣም፣ መኪናዋ ካልወጣች እሱም አፉን አይከፍትም፣ ወዳጁም አይቀየም። መንሱር የብረት ቱቦ መፍቻው ጫፍ ላይ ሰካና በእግሩ ገፋው። ጧ! ተፈታ።

«አልሐምዱሊላህ!»

«እሰይ» አለ ካሳው፤ ልቡ ግን ወረደ።

ከዚያ የታችኛው ተፈታና ዘይቱ እንደ ጥቁር ማር እየተጠቀለለ የመይሙና ሳፋ ውስጥ ወረደ። «ሳፋዬን!» ብላ ጮኸች መይሙና ከበረንዳው። አልሰማትም። መንሱር ሁለት ጣቱን ነክሮ አሻሸ፣ ወደ ፀሐይ ወጣ አድርጎ አየው። የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። «አየህልኝ? ይሄ ነው ጠላቴ» አለና ተመልሶ ገባ።

አሁን ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ካሳው ያችን ጥንድ የተሰነጠቀች ተረከዝ እያየ ድንገት አፉ ተከፈተ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ እንደ ወትሮው፣ በኋላ ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«መንሱር፣ አትሰማም እኮ። ያ ተሳቢ ሊጨርሰን ነበር። ነገ ልጄን አትወስዳትም፣ አልሰጥህም። ሰማኸኝ? ወንድሜ ነህ፣ ግን አልሰጥህም።»

መይሙና በረንዳው ላይ የጉፍታዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ቆመች። ከመኪናው ሥር የታችኛውን ቡሎን የሚያጠብቅ መፍቻ ይንቀጫቀጫል።

«አዲሱን ዘይት አቀብለኝ!» አለ መንሱር። «ደግሞ ምነው ዛሬ ዝም አልክ? ልጅ መዳር እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

ካሳው ቂጡ የተቆረጠውን የሃይላንድ ፕላስቲክ ከላይኛው ቀዳዳ ከተሰካው ቀጭን ጎማ ጋር አገናኘና ዘይቱን ያንቆረቁር ጀመር። አንዴ፣ መሬት ላይ ልድፋውና ልገላገል ብሎ አሰበ፤ ጀሪካኑን አዘነበለው እንኳ። የገዛ ሐሳቡ አሳፈረውና አቃናው። ዘይቱ ሞልቶ በላይኛው ቀዳዳ መንጠብጠብ ሲጀምር መንሱር «በቃ!» አለ፣ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ፣ ወጣና አቧራውን አራገፈ።

«በል ግባ። እስከ ዋጃ መንገድ ደርሰን እንመለስ፣ ነገ ወይንሸትን በምን እንደምወስዳት እይ።»

ገቡ። ከመይሙና ዓይን ጋር እንዳይገጥም ካሳው ጎንበስ አለ።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ መንሱር ሁለተኛ አስገባ። ግርርር! ሦስተኛ አስገባ። ግርርርር! የካሳው ጥርስ ተንገጫገጨ።

«ይኸውልህ!» አለ መንሱር፣ ፊቱ በርቶ። «ጸጥ! ሰማህ?»

«ሰማሁ።» መንሱር ከንፈሩን ነበር የሚያየው።

«ልስልስ አላለም?»

«ልስልስ ብሏል።»

እንዲህ ያለ ውሸት ከአፉ ሲወጣ ካሳው ራሱን ጠላው። በጥፊ ቢሉት በወደደ። ከፊታቸው አንድ ሰው ግመሎቹን በመንገዱ ዳር ይነዳ ነበር። መንሱር ፍጥነት ሊቀንስ ማርሹን መለሰ። ግርርርር! ግመሎቹ በርግገው ማሳ ውስጥ ገቡ፣ ሰውዬው ዞሮ ዱላውን አነሳ፣ ማሽላ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው አዩ። ዘንጉ የመንሱርን መዳፍ መታው። መንሱር ግመሎቹን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ እጁን አየ። ዳር ይዞ ቆመ።

«ካሳው፣ ግመሎቹ ምን አስደነገጣቸው?»

«እኔ እንጃ። ግመል አይደሉ እንዴ!»

መንሱር ሞተሩን አላጠፋም። ማርሹ እንዲፋጭ ሆን ብሎ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረገጠ፤ ሹፌር ነኝ የሚል ሰው እንዲህ አያደርግም። ከዚያ መንገዱን ሳይሆን የካሳውን ፊት እያየ ዘንጉን ገፋው። መኪናዋ አጓራች። ካሳው ከመቀመጫው ዘሎ ሁለት ጆሮውን ያዘ። መንሱር እጁን ከዘንጉ ላይ አነሳና ጭኑ ላይ አኖረው።

«እኔ በእጄ ብቻ ነው የሰማሁት» አለ።

ካሳው እጁን ከጆሮው አወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል ጠየቀው መንሱር።

«ከረመዳን በፊት።» አሁን ቀና ብሎ፣ ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«መይሙናም?»

«እሷ ናት የላከችኝ።»

«ሙአዚኑ የደከመ መስሎኝ ነበር» አለ መንሱር። «ወላሂ፣ ‹ምን ሆኖ ነው ይሄ ሰው አዛኑን እንዲህ የሚያለዝበው› እያልኩ ሳማው ከረምኩ። ምስኪን።» ዓይኑ ሞላ። ከዚያ ድንገት ወደ ካሳው ዞረ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እና ልጅህን ልትሰጠኝ ነበር?»

«መንሱር…»

«ነገ ጠዋት ዝም ብለህ፣ እልልታ እያሰማህ፣ እኔ ደንቆሮው ጋ ልታስገባት ነበር?»

«አፈርኩ!» አለ ካሳው እየጮኸ። «አፈርኩህ! ምን ብዬ ልንገርህ?»

«ሰው አፍሮ ልጁን ያስገድላል? ደደብ! በአላህ፣ አንተ ደደብ ነህ!» መሪውን በቡጢ መታው። «እንደዚህ አትውደደኝ። ሰማህ? እንደዚህ አትውደደኝ።»

ካሳው እንደ ልጅ አለቀሰ። መንሱርም አለቀሰ። ግመል ነጂው ግመሎቹን ሰብስቦ ሲያልፍ ሁለት ሽማግሌ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ሲላቀሱ አየና ቀልድ ነገር ሊል አስቦ ተወው።

«ለወይንሸት ሌላ ሹፌር ፈልግ» አለ መንሱር አፍንጫውን እየጠረገ። «እኔ ከኋላዋ እቀመጣለሁ፣ ማንም አያስነሳኝም። አሁን ተካኝና ወደ ቤት ንዳኝ።»

«እኔ መንዳት የት አውቄ?»

«የኔ ነገር! ረስቼው።» መሪውን ያዘ። «እንግዲያው ቀስ ብለን እንመለሳለን። አንተ ሞተሩን ስማልኝ፣ እኔ ማርሹን እቀይራለሁ። ከኋላ መኪና ከመጣም ንገረኝ።»

እንዲያ አድርገው ዞሩ። ካሳው መስኮቱን ከፍቶ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ «አሁን!» ብሎ ይጮኻል፣ መንሱር ይቀይራል፣ አዲሱ ዘይት ማርሹን ተቀብሎ ልስልስ ብሎ ያሳልፈዋል። «ከኋላ ባጃጅ!» ይላል፣ መንሱር ዳር ይይዛል። እየነዱ መነኻሪያው ፊት ደረሱ። ሹፌሮቹ እንደ ወትሯቸው ጥላ ሥር ተደርድረዋል፤ ወዳጁ እንዳያፍር ብሎ ካሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን ሳይከፍት «አሁን» አለ።

መንሱር ፍሬኑን ረግጦ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። መስኮቱን እስከ ታች አወረደ። ሹፌሮቹ ቀና አሉ።

«ጮክ ብለህ ተናገር እንጂ ካሳው!» አለ፣ መነኻሪያው ሁሉ እስኪሰማ። «አልሰማም እኮ!»