አብዱልወሀብ የጨረሳት ጀልባ

አብዱልወሀብ ይመር ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ ታይቶ አይታወቅም። ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ሚስቱ መሕቡባ ናት፤ እሱም ራሱ አይክድም። ባቲ ላይ ለእናቱ ሊሠራ የጀመረው ቤት ግድግዳው መስኮቱ ጋ ደርሶ ቆሟል። አጅማን ከተማ ውስጥ፣ አል ራሺዲያ ሰፈር፣ ከመሕቡባ ጋር በሚኖሩባት በቦርድ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ደግሞ ለሦስት መደርደሪያ የሚሆን ብረት ግድግዳው ላይ መትቶ፣ ጣውላ የጫነው ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛው ብረት አራት ዓመት ሙሉ የፎጣ ማስጫ ሆኖ ቀርቷል። የጋራው ማብሰያ ቤት በር የታችኛው ማጠፊያው ስለወለቀ በእግር ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። አብዱልወሀብ “እኔ አለሁ” ካለ ወዲህ ሌላ ሰው አልነካውም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በሩን በእግሩ ማንሣት ለምዷል።

ሰነፍ ሆኖ አልነበረም። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ወደ ኤምሬትስ ሲመጣ ሶናፑር የሚባል የሠራተኞች ካምፕ እያደረ ዱባይ ውስጥ ፎቅ ላይ በአናጺነት ሠርቷል። ሥራው ሲሚንቶ የሚፈስበትን የእንጨት ሣጥን ማዘጋጀት ነበር። ዓምዱም፣ ደረጃውም፣ ጣሪያውም መጀመሪያ በእንጨት ቅርጹ ይወጣል፤ ሲሚንቶው ሲደርቅ ያ ሁሉ እንጨት በብረት እየተፈለቀቀ ይጣላል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራ፤ አሥራ አንድ ዓመት የሠራው ተጣለ። ከመሕቡባ ጋር በሜትሮ ሲያልፉ አንዳንዱን ፎቅ በጣቱ ያሳያታል፤ ነገር ግን “ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት” ለማለት አፉ እንቢ ይለዋል። የሱ እጅ ያረፈበት አንድም እንጨት እዚያ ውስጥ የለማ።

በኋላ ወገቡ ታመመና ከባድ ሥራ ተወ። አጅማን ባሕር ዳር፣ ትልልቅ የእንጨት መርከቦች የሚሠሩበት አንድ ግቢ ውስጥ የቀን ዘበኛ ሆኖ ገባ። የመጀመሪያ ቀን በሩን ከፍቶ ሲገባ ያየውን እስከ ዛሬ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል መርከብ በእንጨት ድጋፍ ላይ ቆሟል፤ ገና ያልተሸፈነው ጎኑ የጎድን አጥንት ይመስላል፤ በጎድኖቹ መካከል ሰማይ ይታያል። ሥር ደግሞ አንድ አጭር ሽማግሌ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣውላ ይመለከታሉ። በእጃቸው ወረቀት የለም፤ በግቢው ውስጥም አንዲት ወረቀት የለችም። ሽማግሌው ጣውላው ላይ በጠመኔ አንድ ቀጭን መሥመር አሰመሩ፤ ሠራተኞቹ በመሥመሩ ቆረጡት፤ ወደ ላይ ተሳበና ቦታው ላይ ልክክ አለ። አብዱልወሀብ መፈተሽ የነበረበትን የጭነት መኪና ሳይፈትሽ አሳለፈ።

ሽማግሌው ሕንዳዊ ናቸው፤ የጉጅራት ሰው። ስማቸው ጁማ ነው፤ ሁሉም “ጁማ ባይ” ይላቸዋል፤ ወንድም ጁማ እንደማለት ነው። የግቢው አለቃ እሳቸው ናቸው። አብዱልወሀብ ሥራ በሌለው ሰዓት አጠገባቸው መቆም አበዛ። የሚግባቡበት ቋንቋ የተሰባበረ ዓረብኛ ነው፤ ግን ስለ እንጨት ለመነጋገር ብዙ ቃል አላስፈለጋቸውም። አንድ ቀን ጁማ ባይ መዶሻ ሰጥተው አንዲት ሚስማር እንዲመታ አደረጉት። አመታቱን ካዩ በኋላ “አናጺ ሆነህ በር ላይ ምን ትሠራለህ?” አሉት።

ትንሽ ጀልባ ለመሥራት ፈቃድ የጠየቃቸው በዚያ ሳምንት ነው። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ብቻ። ከመርከቡ የተረፈውን ቁራጭ እንጨት እንዲወስድ የግቢውን ባለቤት አስፈቀዱለት፤ በግቢው ጥግ ከአሮጌ ሸራ ሥር ቦታ ሰጡት። ለመሕቡባ ግን አልነገራትም። ባሕር ያየው ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነው፤ መዋኘት አይችልም፤ መደርደሪያውም እዚያው ቆሟል። “ጀልባ ጀምሬያለሁ” ብሎ የሚናገርበት አፍ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ ነገሩ ቀና። የታችኛውን ወፍራም ግንድ አስተኛ፤ ሁለቱን ጫፎች አቆመ፤ ጣውላዎቹን ከታች ወደ ላይ እያገጣጠመ መጣ። ጣውላ ለማጠፍ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በእሳት ያሞቁታል፤ ከዚያ በገመድ እያጠበቁ ቀስ በቀስ ወደ ቅርጹ ያመጡታል። ሦስቱ ታዘዙለት። አራተኛው፣ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮሆ ተሰነጠቀ። ሌላ ፈለገ፤ እሱም ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ሲሰነጠቅ ገመዱን ጣለና ሸራውን አለበሳት። አሥራ አራት ወር ሳይገልጣት ቆየ። በመካከሉ የግቢው ድመት ገብታ ወለደችባት። በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞራል።

ሸራውን የገለጠችው መሕቡባ ናት። ሻርጃ ውስጥ ትምህርት ቤት ታጸዳለች፤ እረፍቷ ዓርብ ነው። አንድ ዓርብ ምሳ ረስቶ ስለወጣ ይዛለት መጣች። እሱ በሩ ላይ መኪና ሲያስገባ፣ እሷ የድመት ግልገል ተከትላ ወደ ጥጉ ሄደች። ሲደርስባት ሸራውን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች።

“የማን ናት?” አለችው።

“የኔ” አለ፤ መሬት መሬት እያየ።

መሕቡባ ጀልባዋን ዞረቻት። በእጇ ጎኗን ዳሰሰች፤ ጣውላና ጣውላ የተጋጠሙበትን በጥፍሯ ፈተሸች። አብዱልወሀብ የሚመጣውን ነገር ይጠብቅ ነበር፤ በሩን፣ መደርደሪያውን፣ የባቲውን ግድግዳ በልቡ እየቆጠረ።

“ይህችን ከጨረስካት ሌላውን ሁሉ ይቅር ብዬሃለሁ” አለችው። “ካልጨረስካት ግን ዋላሂ ሌላ ነገር ስትጀምር አላይም።”

በማግስቱ ጁማ ባይ ጋ ሄዶ የተሰነጠቁትን ጣውላዎች አሳያቸው። ሽማግሌው አገላብጠው ካዩ በኋላ ጥፋቱ አንድ ብቻ መሆኑን ነገሩት፤ ይቸኩላል። እንጨቱ ገና ሳይሞቅ ይስባል። በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌው ራሳቸው በርጩማ አምጥተው ተቀመጡ፤ ገመዱን ሊያጠብቅ እጁን በዘረጋ ቁጥር “ገና” ይሉታል። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ “ገና” ሲሉት ዋሉ። አራተኛው ጣውላ ድምፅ ሳያሰማ ቦታው ገባ።

ከዚያ ወዲህ መሕቡባ ዓርብ ዓርብ መምጣት ጀመረች። በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ በዘይት የተነከረ ጥጥ እየታጨቀ ይመታል፤ ውሃ የሚከለክለው እሱ ነው። ሠራተኞቹ የሚጠቀሙበትን የተገዛ ፈትል ስታይ ከንፈሯን አጣመመች፤ የላላ ነው አለች። አብዱልወሀብ ከቁራጭ እንጨት እንዝርት ሠራላት፤ ያን ግን ቁጭ ባለበት ጨረሰው። በልጅነቷ እናቷ ጋ እንዳደረገችው፣ ጥጡን እየጎተተች ጠበቅ ያለ ወፍራም ፈትል ታወጣለታለች፤ እሱ ከሥር ከሥሯ በመሮና በመዶሻ ያስገባዋል። ጁማ ባይ ፈትሉን በጥርሳቸው ሞከሩትና ለትልቁም መርከብ እንድትሠራ ለመኗት። ሳቀች እንጂ አልሠራችም።

በጥር ወር ጀልባዋ አለቀች። ጁማ ባይ ለልጅ ልጃቸው ሰርግ አገራቸው ሄደው ነበር። መጠበቅ ይገባው ነበር፤ አልጠበቀም። አንድ ዓርብ ጠዋት ባሕሩ ሞልቶ የግቢው ዳርቻ ላይ ሲደርስ፣ ስድስት ሠራተኞች አግዘውት ጀልባዋን ወደ ውሃው ገፏት። ተንሳፈፈች። እንደ ቅጠል ቀላል ሆና፣ አብዱልወሀብ ገመዷን ይዞ ቆሞ እያለ፣ ቀስ ብላ ዞረች።

ከዚያ ውሃው መጣ። በአንድ ቀዳዳ አልነበረም፤ በሁሉም ነበር። በግራም በቀኝም፣ ጣውላ ከጣውላ በተጋጠመበት ሁሉ፣ ላብ እንደሚወጣ ሆኖ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ጀልባዋ እስከ አፏ ሞልታ ታች አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሠራተኞቹ አልሳቁም፤ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ሄዱ። እሱ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ “ኸላስ” አለ፤ አበቃ ማለቱ ነው።

ለጁማ ባይ የደወለችው መሕቡባ ናት። የሰርግ ከበሮ በስልኩ ይሰማል። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ጀልባዋን አውጥቷታል ወይ? አላወጣትም። “እንዳያወጣት” አሉ። “ሁለት በጋ በሙቀት ደርቆ የከረመ እንጨት ጠምቶታል። ድንጋይ ጫኑባት፤ አራት ቀን ትጠጣ።”

አብዱልወሀብ ለማጽናናት ያሉት መሰለው። እንዲያም ሆኖ ድንጋዩን ጫነ። ያን አራት ቀን እጁ ማረፊያ አጣ። ከሥራ ሲገባ መቀመጥ አልቻለም፤ ቆሞ ግድግዳ ያያል። በሁለተኛው ቀን ጣውላ ቆርጦ ሦስተኛውን መደርደሪያ ጫነ። በሦስተኛው ቀን የማብሰያ ቤቱን በር አውልቆ አዲስ ማጠፊያ መታለት። ጎረቤቶቹ ለሳምንት ያህል በሩን በእግራቸው ማንሣት አልተዉም፤ በሩ ግን በጣት ሲነኩት ይዘጋ ነበር። መሕቡባ አይታ ፎጣዋን ሌላ ቦታ ሰቀለች።

በአምስተኛው ቀን ባሕሩ ሲጎድል ድንጋዩን አወጡ፤ ውሃውን በባልዲ ቀዱላት። አብዱልወሀብ የመጨረሻውን በጨርቅ አድርቆ ውስጧ ተንበረከከና ጠበቀ። ባሕሩ መልሶ እየሞላ መጣ፤ ጀልባዋ ከአሸዋው ተነሣች። እሱ ጣቱን መጋጠሚያው ላይ አስኬደ። የቢላ ጫፍ ይገባበት የነበረው ቦታ አሁን ፀጉር አያስገባም። ጣውላው አብጦ ጎረቤቱን ይዞታል፤ ጎረቤቱም የሚቀጥለውን፤ የመሕቡባን ፈትል በመካከላቸው ጨምቀው አንድ እንጨት መስለዋል። ደጋግሞ ዳሰሰ፤ እጁ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። አሥራ አንድ ዓመት ፎቅ የሠራ አናጺ ነው፤ እንጨት አውቃለሁ ብሎ ነበር። እሱ ያልዘጋውን ውሃው ራሱ ሲዘጋው ያየው ግን ያን ቀን ነው።

መሕቡባ ያን ቀን ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች። መርከብ ከሚታሰርባቸው የግቢው ምሰሶዎች እንዳያልፉ ተነግሯቸዋል፤ ስለዚህ አብዱልወሀብ በዳርቻው በኩል ቀስ ብሎ ቀዘፈ። መጀመሪያ መቅዘፊያዎቹ አልተስማሙለትም፤ ጀልባዋ ክብ ሠራች። ከዚያ ሄደች። የትልቁ መርከብ ጎን በላያቸው አለፈ። ከተማው፣ ፎቁም መስጊዱም፣ ከውሃው ላይ ሲያዩት ዝቅ ብሎ ጸጥ ያለ ነበር፤ የመኪናው ድምፅ አይደርስም። ከሥራቸው ትንንሽ ዓሣዎች ተሰብስበው በጥላቸው ውስጥ አለፉ።

መሕቡባ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳርፋ ነበር። በእንጨቱ በኩል ውሃው ሲያንኳኳ ይሰማታል።

“እዚህ ጋ ስንት ሜትር ይሆናል?” አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አብዱልወሀብ ወደ ታች አየ። ሥሩ አይታይም።

“አላውቅም” አለ፤ መቅዘፊያዎቹን ከውሃው አንሥቶ ጀልባዋ በራሷ እንድትሄድ ተዋት።