ሹፌሩ ተራራ እንዳይወጣ የተሰበሰቡበት ቀን

እኔ ከዚያ ተራራ ጋር ፍቅር የለኝም። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ ጠመዝማዛው መንገድ ያስመልሳል። እህቴና ባሏ ግን ከስምንት ቤተሰቦች ጋር እዚያ ላይ መሬት በጋራ ከገዙ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። እሷ ፀጉር ቤቷን ዘግታ፣ እሱ ከአውቶቡስ መሪው ወርዶ፣ የእረፍት ቀናቸውን ሁሉ እዚያ የቤት መሥሪያ ድንጋይ ሲሸከሙ ኖሩ። የዘጠኙም ቤት ልጆች "ሹፌሩ" እያሉ ትከሻው ላይ ነው ያደጉት።

አሁን ሹፌሩ ሰው አይለይም። በሽታው ቀስ እያለ በላው። ከተማ ውስጥ እህቴ ምሳ ስታቀርብለት፣ "እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ፣ ባለቤትዎ የት ሄደው ነው?" ይላታል። የስንት ዓመት ሚስቱን አንቱ እያለ! እኔ ብሆን ሳህኑን እወረውረው ነበር። እሷ ግን "ሥራ ላይ ነው፣ ይመጣል" ትለውና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ተራራው ላይ ሲሆን ገና ከመኪና እንደወረደ ያውቃታል። ለምን እንደሆነ ሐኪሙም አልገባውም። "አንቺ፣ ሹራብሽን ልበሺ እንጂ" ብሎ ይቆጣታል። ለዚያች ቁጣ ስትል ነው የምትኖረው።

ባለፈው ስንወጣ ሁሉም ቤተሰብ በሚጠቀምበት ኩሽና ጋዙን ከፈተና ክብሪት ፍለጋ ወጥቶ በዚያው ረሳው። እዚያ ጎረቤታቸው የሆነች የአንዲት ነርስ ትንሽ ልጅ ሲጫወት ደክሞት ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ኖሯል። እናቱ ሽታው ሰንፍጧት ደረሰች እንጂ አልቆለት ነበር። ራሱን ስቶ ነው ያወጣችው።

በማግስቱ ሁሉም ተሰበሰቡ። በእነሱ ደንብ ሁሉም ባለመሬት እጅ ካላነሳ ምንም አይወሰንም፤ አንድ ሰው እምቢ ካለ ነገሩ ይቀራል። ነርሷ እያለቀሰች፣ "እንደ አባቴ ነው የምወደው። ግን እሱ ካለ ልጄን ይዤ እዚህ አልመጣም" አለች። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ማንን ልስደብ? ቦታውን ይወዱታል፣ እሱንም ይወዱታል።

ወደ እህቴ ጠጋ ብዬ፣ "እጅሽን ካነሳሽ እኔና አንቺ ተለያየን" አልኳት። "አንቺ እምቢ ካልሽ ማንም ምንም አያመጣም።"

"ልጁ ቢሞት ኖሮስ?"

"እንጠብቀዋለና። ዓይናችንን ሳንነቅል።"

"ትናንትም እየጠበቅኩት ነበር እኮ" አለችኝ።

ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ወለሉን እያየ፣ "ሹፌሩ ከእንግዲህ እንዳይመጣ የምትስማሙ" አለ። እጆች አንድ በአንድ ተነሱ። የእህቴ ብቻ ቀረ። ጉልበቷ ላይ ያለውን እጇን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። አስለቀቀችኝና አነሳችው።

አጠገቧ የተቀመጠው ሹፌሩ ቀና ብሎ እጇን አየ። የራሱንም አነሳ።

"አንቺ ካነሳሽማ ጥሩ ነገር ነው" አላት ፈገግ ብሎ።

እህቴ በሌላኛው እጇ ክንዱን ልታወርድበት ታገለች። እሱ ግን መምህሩ ሳያየው እንዳይቀር ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ።