የአባይነሽ ሦስተኛ ጉርሻ

አባይነሽን ካወቅኋት ሠላሳ ዓመት አልፏል። ጎንደር ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አጥራችን አንድ ነው፤ በእሷ በኩል ግራዋ፣ በእኔ በኩል ጌሾ በቅሎበታል። የተወለደችው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። ባሏ አያ ክንዱ ከመሞቱ በፊትም ከሞተ በኋላም ሥራዋ የቅቤ ንግድ ነበር። በገበያ ቀን አምባ ጊዮርጊስ ወጥታ ከገበሬ ሴቶች ትገዛለች፤ በማግስቱ ጎንደር ታወርደዋለች።

ቅቤ ስትገዛ አትቸኩልም ነበር። ቀጭን የሽመል ስንጣሪ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች። ስንጣሪውን እስከ ቅቤው ቅል ሥር ሰዳ ታወጣና ታሸተዋለች። ከዚያ ጫፉ ላይ የቀረውን በእጇ ጀርባ አድርጋ በጣቷ ታሸዋለች። ቅቤ ከሆነ በእጅ ሙቀት ሟሙቶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። የሚረጋ ዘይት ከሆነ እንደ ሻማ ይንሸራተታል። ድንች የገባበት ከሆነ ይንከባለላል። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አይሆንልኝም።

እንዲህ ያደረጋት አንድ ቅል ነው። ገና ጀማሪ ሳለች አበልጇ የሸጠችላት ቅል፣ ከላይ አራት ጣት ያህል ቅቤ፣ ከሥር የተፈጨ ድንች ሆኖ ተገኘ። የተከፈተው ደግሞ ደንበኞቿ ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን ተወች። እንቁላል ውሃ ውስጥ ሳትከት አትገዛም። ዳቦ ቤት ስትገባ ዳቦውን ገልብጣ ሥሩን ትዳስሳለች። እኔ እንኳ ጎመን ስልክላት፣ “ከየትኛው መደብ ነው የተቀጠፈው?” ብላ ታስጠይቀኛለች። አልቀየማትም፤ ለምጄዋለሁ።

ይህች ሴት ካደገች በኋላ ቆርባ አታውቅም ነበር። “ነጋዴ ነኝ፣ አልበቃም” እያለች ዕድሜዋን ሙሉ የሚቆርቡትን ከሩቅ ታይ ነበር። ንግዱን ከተወች በኋላ ግን የንስሐ አባቷን ቄስ ወልደኢየሱስን ደፍራ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ “ፍልሰታን ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ሳታፈርሺ ጹሚ። በአሥራ ስድስት ትቆርቢያለሽ” አሏት። ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። ነጭ ቀሚስ አሰፋች። ያን ሰሞን ዓይኗ ሌላ ነገር አያይም ነበር።

ልጇ እስከዳር ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። በዚያው ክረምት ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ እናቷን ልትጋብዝ ፈለገች። ካስተማሯት መምህራን አንዱ ህንድ ነበሩ፤ እኒያ ሰው ሥጋም እንቁላልም በአፋቸው አይዞርም። ከተማው ውስጥ የህንድ ምግብ ቤት መከፈቱን ስትሰማ ደስ ብሏት መጣች።

“እማዬ፣ ህንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናቸው። እዚያ ብንበላ ጾምሽ አይነካም።”

“ማን አጾማቸው?” አለች አባይነሽ።

“ልማዳቸው ነው።”

“ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው አላየሁም። መነኩሴ እንኳ ፋሲካ አለው።”

“መምህሬን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ እኮ።”

“ምሳቸውን አየሽ። እራታቸውንስ?”

ልጅቱ ግን በፍቅር ነው የለመነቻት። ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ በባጃጅ መጣችና እኔንም ጨምራ ወሰደችን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። እህል የሚባል በአፋችን አልዞረም፤ ዝናቡም ጫማችን ውስጥ ገብቷል።

ምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያጌጠ ዝሆን ተስሏል፤ መጋረጃው ቀይ ነው፤ የጠረጴዛው ልብስ ላይ የሌላ ሰው ወጥ ደርቋል። አባይነሽ ወንበሩን ከመቀመጧ በፊት በእጇ ጠረገችው። አስተናጋጁ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀይ ሰደርያ የለበሰ፣ ስማቸው የሚባል ሰው ነው። የምግቡን ዝርዝር ሰጥቶን ሄደ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ውሃ አመጣ፤ ብርጭቆ አላመጣም። ብርጭቆ ስንጠይቀው ሁለት አመጣ፤ እኛ ሦስት ነን።

እስከዳር ምስር፣ ድንች፣ ሩዝና የእነሱን ቂጣ አዘዘች። ከዚያ ጠበቅን። አንድ ሰዓት ሞላ። መብራት ሄደ፤ መጣ። ከእኛ በኋላ የገቡት በሉ።

“ህንዱ የት አለ?” አለች አባይነሽ አስተናጋጁን ስማቸውን ጠርታ።

“ባለቤቱ ናቸው ህንድ። አዲስ አበባ ናቸው።”

“ወጡን ማን ይሠራል?”

“እዚያ ሠልጥና የመጣች ልጅ አለች፤ የዳባት ልጅ ናት።”

አባይነሽ ወደ እኔ ዞረች። “ሰማሽ ወይንሸት? ከዳባት ህንድ መጣችልን።”

በመጨረሻ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አምጥቶ ፊታችን አኖረ። አባይነሽ በማንኪያ ገለጥ ብታደርገው የዶሮ አጥንት ብቅ አለ።

“ይቅርታ እናቴ፣ የዚያኛው ጠረጴዛ ነው” ብሎ አነሳው።

“ማንኪያውን አየሽው?” አለችኝ ቀስ ብላ። “ተመልከች፣ የት እንደሚያደርገው።”

ተመለከትኩ። ማንኪያውን ከዶሮው ጋር ወሰደው። ለእኛ ሌላ ይዞ ተመለሰ፤ ሌላ ይሁን ያው ግን ማናችንም መማል አንችልም።

የእኛ ምግብ ሲመጣ ቂጣው ዳር ዳሩ ደርቆ፣ ሩዙ ልቡ ጥሬ ሆኖ ነበር። ምስሩ ቀጥኗል፤ እርድና ድንብላል በዝቶበት ሌላ ሽታ አያሳልፍም። አባይነሽ አማትባ አንዴ ጎረሰች። ሁለቴ አላመጠችና ቆመች።

“አንተ ልጅ፣ ይሄ በምንድን ነው የተሠራው?”

“በዘይት ነው እማማ።”

“ሲሠራ አይተኸዋል?”

“እኔ ወጥ ቤት አልገባም፤ ሥራዬ እዚህ ነው።”

“ታዲያ በምን አወቅህ?”

“ጾም ነው ተብሎ ተጽፏል።”

“ማን ጻፈው?”

ስማቸው ፈገግ አለና ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረ። አባይነሽ ሁለተኛ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና አፏ ውስጥ አቆየችው።

“ኮሰረት የለውም” አለች ለራሷ። “የእኛ ቢሆን ሲነጠር ኮሰረት ይገባበት ነበር።”

“እማዬ፣ እባክሽ ሰው ያየናል። ቅቤ ቢሆን እኔ አላውቅም?”

“አንቺ የምታውቂው በላስቲክ የታሸገውን ነው።”

ከዚያ ቂጣውን ቆርሳ፣ ከፊተኞቹ ጠቀም አድርጋ ሦስተኛ ጎረሰች። አንገቷን ደፍታ በቀስታ በላችው። እያጣራች መሰለኝ። ስትጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣ “ይቀዝቅዝ” አለች።

መስኮቱ ክፍት ነው፤ የነሐሴ ብርድ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ የምስሩ ፊት ነጭ ስስ ነገር ለበሰ።

“የሚረጋ ዘይትም እኮ ይነጣል” አለች እስከዳር። ድምፅዋ ግን አንሷል።

“እሱን አሁን እናያለን።”

ነጩን በጥፍሯ ጫፍ አነሳች። በእጇ ጀርባ አድርጋ በጣቷ አሸችው። አልተንሸራተተም። ሟሙቶ ቆዳዋ ውስጥ ገባ። እጇን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ። እዚያ ሰው መካከል እጅ ማሽተት አሳፍሮኝ ነበር፤ ግን አሸተትኩ። ቅቤ ነው።

ስማቸው ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ያያት ነበር። “እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው” አለ።

“እናትህ የት ናት?”

“ኮሶዬ። ቅቤ ትሸጥ ነበር።”

ወደ ወጥ ቤቱ ገብቶ ትንሽ ቆየና አንድ ቢጫ ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገም። ጎኑ ላይ ላም ተስሏል።

“ሥጋ የሌለበት ሁሉ ጾም ነው ብለውን ነው እማማ” አለ። ፊቱ ተለዋውጧል። “እነሱ ጾም የሚሉት ይሄንኑ ነው አሉ፤ ቅቤውም ወተቱም አይከለከልም። እኔም እኮ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ምሳዬን ከዚሁ ነው የምበላ።”

አባይነሽ አልተቆጣችም። ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችውና መለሰችለት። እስከዳር አለቀሰች። በባጃጅ ስንመለስ እናትየው የልጇን እጅ ይዛ ነበር። እኔም ሁለት ጎርሻለሁ፤ የእኔ ነገር ግን ቀላል ነው፤ ለቁርባን የተቀጠርኩ አልነበርኩም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቄስ ወልደኢየሱስ ሄደች። እኔ ግቢው ውስጥ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋት። ቆይታ መጣችና ጃንጥላዋን ተደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ምን አሉሽ?”

“ሳታውቂ የበላሽው በደል አይሆንብሽም፤ ትቆርቢያለሽ አሉኝ።”

“ተመስገን።”

“እኔም ተመስገን ብዬ ልወጣ ነበር። ከዚያ፣ ለመሆኑ ስንት ጎረስሽ አሉኝ። ሦስት አልኳቸው። አንደኛውን ሳላውቅ፣ ሁለተኛውን ላጣራ። ሦስተኛውንስ አሉኝ።”

በጃንጥላዋ ጫፍ እርጥቡን መሬት ትጭር ጀመር።

“እሱንም ላጣራ ነው ብትያቸውስ?” አልኳት።

ቅል በምታይበት ዓይን አየችኝ።

“በሁለተኛው ዐውቄ ነበር፤ ምኑን ነው የማጣራው? ወይንሸት፣ ቅቤው ሸጋ ነበር። ሩዙ ጥሬ፣ ቂጣው ደረቅ፣ ከዚያ ቤት ሸጋ የነበረ እሱ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ቀን ጎመን በልቼ ነበር። ዐውቄ ጎረስኩት። እንዲሁ ነገርኳቸው።”

“እሳቸውስ?”

“መጀመሪያ ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር፤ ጺማቸውን ያዙት። ከዚያ ለአሥራ ስድስቱ አይሆንም አሉኝ። ጽጌን አርባውን ቀን ጾመሽ፣ ኅዳር ስድስት ለቁስቋም በዓል ትቆርቢያለሽ አሉኝ።”

“ለአንድ ጉርሻ አርባ ቀን።”

“ቀሎልኛል” አለች። ወዲያው ግንባሯን ቋጠረች። “በጣም ቀለለ። እስከዳር ቀድማ መጥታ አናግራቸው ይሆን እንዴ?”

በነሐሴ አሥራ ስድስት ነጩን ቀሚስ አልለበሰችም። አሮጌውን ለብሳ፣ እንደ ድሮዋ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ የሚቆርቡትን አየች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ዓይኗ እንባ አልያዘም፤ ከንፈሯን ብቻ ነክሳለች።

ጽጌ ሲገባ ከራሷ ማሰሮ በቀር ከማንም ቤት አልቀመሰችም። ኑጉን ራሷ አጥባ፣ ራሷ ቆልታ ትወቅጠዋለች። አንድ ቀን ሽሮ ብልክላት መልሳ ይዛው መጣችና፣ “ዘይቱን ጠርሙሱን አሳዪኝ” አለች። አሳየኋት። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። በእጇ ጀርባም ሞከረችው። ከዚያ፣ “አንቺን ጠርጥሬ እኮ አይደለም፤ እኔን ነው የምጠብቅ” ብላኝ ተቀምጣ በላች። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ስትነግረኝ ያን ቀን የመጀመሪያ ነው።

ኅዳር ስድስት ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ቀሚሱ በመጨረሻ ተለበሰ። እስከዳር ጫማዋን ይዛላት ቆማለች። አባይነሽ ተራዋ ደርሶ ገብታ፣ ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ የቆረበ ሰው እንዲያ ነው፣ አይናገርም። በሕዝቡ መካከል ስንወጣ የምግብ ቤቱ ስማቸው አየንና እየተጋፋ መጣ። ለበዓሉ ነጭ ለብሷል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት።

“እማማ፣ ነግሬያቸው አሁን ለጾም ሌላ መጥበሻ ተደርጓል። በዘይት ብቻ ነው የሚሠራው። በሚመጣው ጾም ይምጡልኝ፤ በእኔ ይሁንብዎ።”

አባይነሽ በነጠላዋ ላይ በዓይኗ ብቻ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የግራ እጇን ጀርባ ዘርግታ አሳየችው፤ በቀኝ ጣቷም ሁለቴ አሸት አሸት አደረገችው።

ስማቸው ሳቀ። “ይሁን” አለ። “አቀዝቅዤ ነው የማመጣልዎ።”